የሁለት ኮምፒውተር ፈቃድ

ሰውየውን በደንብ ታውቂያቸዋለሽ ወይ ተብላ ብትጠየቅ ገጽ አዘጋጇ እውነቱን መናገር ይኖርባታል፤ አታውቃቸውም። ዘጠኝ ዓመት በአንድ ክፍል አብረው ሠርተዋል፤ የምታውቀው ግን ጀርባቸውን ነው። የእሷ ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር፣ የእሳቸው ወዲያኛውን ግድግዳ ተጠግቶ ስለተቀመጠ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚውሉት። አንገትጌው በሌላ ቀለም ክር የተሰፋውን ግራጫ ሹራባቸውን ታውቃለች። አንድ መስመር አልገባ ሲላቸው በእርሳስ ጫፍ ከጆሯቸው ኋላ እንደሚያኩ ታውቃለች። የት እንደሚኖሩ አታውቅም። ሚስት ይኑራቸው አይኑራቸው እንኳ እርግጠኛ አልነበረችም። በመጀመሪያው ዓመት ለመጠየቅ አፈረች፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ «ይኼን ሁሉ ጊዜ ሳትጠይቂ?» እንዳትባል ፈርታ ተወችው።

በማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ በሌሉበት «ባለካርቶኑ» ይላቸዋል፤ ባሉበት «ጋሼ»። ስሙ የወጣው ከኮምፒውተራቸው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ከሚያስቀምጡት ካርቶን ነው። የጫማ ካርቶን ያህላል፤ ጠርዙ በእጅ ብዛት ነጥቷል። ውስጡ አንድ ሲዲና አንድ ወፍራም የመመሪያ መጽሐፍ አለ፤ ከክዳኑ በስተውስጥ ረጅም ቁጥር ተለጥፏል። የገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም ነው። ሰው ሁሉ አንዱ ከሌላው እየቀዳ በነጻ በሚሠራበት ጊዜ እሳቸው በገዛ ገንዘባቸው ገዙት። ማተሚያ ቤቱ ሲቀጥራቸውም መጋዙን ይዞ እንደሚመጣ አናጢ ካርቶናቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ባለካርቶኑ የሞቱ ቀን የሬሳ ሳጥን አንገዛም» ይል ነበር የማሽን ሠራተኛው፣ ካልቀለደ ቀለሙ የሚደርቅበት የሚመስለው ሰው። «በካርቶናቸው ነው የምንቀብራቸው።»

አንድ ቀን ይኼንኑ ሲል ለካ በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«እጠፉኝና ክተቱኝ» አሉ። «ማጠፍ እንደሆነ ታውቁበታላችሁ።»

የማሽን ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ራሳቸው ግን አልሳቁም፤ የመጡበትን ወረቀት ተቀብለው ተመለሱ።

አሠራራቸው ለየት ያለ ነበር። አንድ ገጽ ሲጨርሱ ያትሙትና ወረቀቱን ዘቅዝቀው ያዩታል፤ ራሱን ወደ ታች፣ እግሩን ወደ ላይ አድርገው። አንዴ፣ በስንት ድፍረት፣ ምን እንደሚያዩ ጠየቀቻቸው።

«ቀና ሲሆን እናነበዋለን፤ ስናነበው ደግሞ ያታልለናል» አሏት። «ሲዘቀዘቅ ፊደሉ ፊደልነቱን ይተውና ጥቁርና ነጭ ብቻ ይሆናል። ቀዳዳው ያኔ ነው የሚታየው።»

እሷም ከዚያ ወዲህ ዘቅዝቃ ማየት ጀመረች፤ እሳቸው እንዳያዩዋት ተደብቃ። ለምን እንደተደበቀች አታውቀውም። ከሰው መማር እንኳ የሚያሳፍራት ዓይነት ሴት ነች።

ነገሩ የተጀመረው ደንበኞች የሚልኩት ፋይል በባለካርቶኑ ፕሮግራም አልከፈት ያለ ጊዜ ነው። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ የሚከፈተው ከማይከፈተው አነሰ። ሥራ አስኪያጁ ሁለቱንም ቢሮው ጠራቸው። አዲሱን ፕሮግራም ማንም አይሸጠውም፤ በየወሩ እየከፈሉ መከራየት ብቻ ነው።

«ምን ይሻለናል?» አለ።

«እንከራየው» አለች ገጽ አዘጋጇ። ሳምንቱን ሙሉ ስታነብ ከርማ ነበርና ነገሩን አብራርታ ተናገረች። ፕሮግራሙ ራሱን እያደሰ ይሄዳል፤ ደንበኛ የላከው ሁሉ ይከፈታል፤ ካልተስማማን ወሩ ሲያልቅ እንተወዋለን።

«ለቤት ኪራይ፣ ይሁን። ለሱቅ ኪራይ፣ ይሁን» አሉ ባለካርቶኑ። «ለመሣሪያ? የኔ ቢላ ወር በመጣ ቁጥር ‹ልቁረጥልህ ወይስ መጀመሪያ ትከፍላለህ?› አይለኝም።»

«የእርስዎ ቢላ እኮ ዶልዱሟል፣ ጋሼ።»

ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁ ከት ብሎ ሳቀ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ ቢሮ ሰው አስቃ አታውቅም ነበርና ሙቀት ተሰማት፤ ደስ አላት። ባለካርቶኑ አልተቆጡም። «የዶለዶመ ይሳላል እንጂ ይጣላል እንዴ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ከእሷ በቀር የሰማቸው የለም።

ክርክሯ ልክ ነበር። እስከ ዛሬም ልክ ነው ብላ ታምናለች። የሚያሳፍራት እሱ አይደለም።

ሥራ አስኪያጁ አንድ ፈቃድ ተከራየ። አንዱ ፈቃድ በሁለት ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ሦስተኛ ከገባ ፕሮግራሙ በሁለተኛነት የተመዘገበውን ያስወጣል። «ሁለት ሰው፣ ሁለት ኮምፒውተር፤ አለቀ» አለ። ፈቃዱ የተከፈተው በእሷ ኢሜይል ነው፤ የይለፍ ቃሉን የምታውቀውም እሷ ብቻ ሆነች። የመጀመሪያው ኮምፒውተር የእሷ፣ ሁለተኛው የባለካርቶኑ ተብሎ ተመዘገበ። ኮምፒውተሮቹም አዲስ ነበሩ። ባለካርቶኑ ሲዲያቸውን ይዘው አዲሱን ኮምፒውተር ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ዞረው ፈተሹት።

«አፉ የት ነው?»

«ሲዲ አይቀበልም፣ ጋሼ። የድሮውን መጫን አይቻልም።»

«አፍ የለው፣ ግን በየወሩ ይበላል» አሉና ሲዲውን ወደ ካርቶኑ መለሱ።

ቢሆንም ለመዱት። ሦስት ሳምንት አልፈጀባቸውም። እንዲያውም ፊደል ማቀራረቢያውን ከእሷ በተሻለ አወቁበት። ይኼን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነች፤ ምክንያቱም ጥያቄያቸው ቀስ በቀስ ቀንሶ በመጨረሻ የሚሰማት የእርሳሳቸው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ገጽ አዘጋጇ ከታናሽ እህቷ ጋር ነው የምትኖረው። እህቷ በልጅነቷ ክብ ነገር ስለነበረች ቤተሰቡ «ድንቡሼ» ይላታል፤ አሁን እንደ ሸምበቆ ቀጥናም ስሙ አልለቀቃትም። የምትሠራበት የልብስ መደብር ተዘግቶ አምስት ወር ቤት ዋለች። ቁም ሣጥኑን ሦስት ጊዜ አውጥታ አጥፋ መለሰችው። የሚታጠፍ ሲጠፋ መጋረጃውን አውርዳ አጠበችው።

«እትዬ፣ ያንን ፕሮግራም አስተምሪኝ» አለች አንድ ቀን እራት ላይ። «ቢዝነስ ካርድ እንኳ ልሥራበት። እጄ ሊሞት ነው።»

«ፈቃዱ ለሁለት ኮምፒውተር ብቻ ነው።»

«እናንተ ከሥራ ወጥታችሁ ማን ይጠቀምበታል? ወንበሩ ባዶውን ከሚያድር ልቀመጥበት። የሚበላው የለ፣ የሚጠጣው የለ!»

«የመሥሪያ ቤት ነው።»

«ኢሜይሉ ያንቺ አይደል?»

የይለፍ ቃሉን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት፤ «ከሥራ ሰዓት ውጪ ብቻ» ብላ። ድንቡሼ ፈጣን ነበረች። በወሩ የሰፈሩ ፋርማሲ ሰሌዳ፣ የጸጉር ቤቱ የዋጋ ዝርዝር፣ የአንድ ጠበቃ ካርድ ከእጇ ወጣ። ያ ሁሉ ዝምታ ከቤቱ ጠፋ፤ ማዕድ ቤት ውስጥ እየዘፈነች ዕቃ ታጥብ ጀመር።

የባለካርቶኑ ኮምፒውተር ያስወጣቸው የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው።

«እህትዓለም፣ ይኼ ነገር አስወጣኝ» ይሏታል። ተነሥታ ስትመጣ የምታየው ባዶውን የመግቢያ ገጽ ብቻ ነው። ኢሜይሏን ትጽፋለች፤ የይለፍ ቃሏን ትጽፋለች። እሳቸው ያን ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ፣ ሰው ልብስ ሲቀይር እንደሚደረገው። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ይቀጥላሉ። በቀን አንዴ ነበር፤ ሁለቴ ሆነ፤ አራቴ ሆነ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ አልገባትም ነበር። የኢንተርኔቱ ነገር መስሏት ገመዱን ቀየረች። ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ስልኳ ጠራ።

«እትዬ፣ ምን እየሠራችሁ ነው እናንተ ጋ? በገባሁ ቁጥር ያስወጣኛል እኮ! ሰውየው ካርዱን እኩለ ቀን ላይ ነው የሚወስደው።»

ገና ሳትመልስላት ከጀርባዋ «እህትዓለም፣ እንግዲህ ደግሞ አስወጣኝ» የሚል ድምፅ ሰማች።

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሁለት ሰዎች፣ አንዱ በጆሮዋ አንዱ በጀርባዋ፣ በአንድ ወንበር ላይ ሲገፋፉ ሰማቻቸው፤ ወንበሩን ያከራየቻቸው እሷ ነች።

«በኋላ» አለች በሹክሹክታ፣ ዘጋች፣ ዞረች። ኢሜይል። የይለፍ ቃል። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

የይለፍ ቃሉን ያን ቀን መቀየር ትችል ነበር። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁሉ ትችል ነበር። እህቷን «በሥራ ሰዓት እንዳትገቢ» ብላ ተቆጣቻት፤ ድንቡሼም «እሺ» አለች፤ ሦስት ቀን ሰነበተችና «ለአምስት ደቂቃ ነው እኮ» ማለት ጀመረች። ታላቅዬዋ የዕቃ ማጠቢያውን ዘፈን አስባ ተወቻት። አንዳንድ ሰው ክፉ ሆኖ ይበድላል። እሷ የበደለችው እምቢ ማለት አቅቷት ነው፤ ለተበደለው ሰው ግን ልዩነት የለውም።

ሥራ አስኪያጁ ሁለቱ የሚሠሩበትን ክፍል ከኮሪደሩ በመስተዋት ያየዋል። አንድ ከሰዓት በሩን ገፋ አድርጎ ጠራት። ባለካርቶኑ እዚያው ክፍል፣ ከትንሿ ማተሚያ አጠገብ ወረቀት ይቆርጡ ነበር።

«ምንድነው? ቀኑን ሙሉ ከወንበርሽ እየተነሣሽ እሳቸው ጋ ነሽ። አልቻሉበትም እንዴ?»

እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በፊት ያለውን ሁሉ «ሳላውቅ»፣ «አዝኜላት» እያለች ልታልፈው ትችላለች። ይኼን ግን አትችልም።

«አንዳንዴ የማይነካውን ይነካሉ መሰለኝ» አለች።

«መሰለኝ»ን ከኋላ የቀጠለችው መሸሸጊያ እንድትሆናት ነው። መቁረጫው ለአፍታ ቆመና እንደገና ቀጠለ።

ያ በሆነ በአሥራ አንደኛው ቀን የመማሪያ መጽሐፉ ነገር መጣ። የአንድ ኮሌጅ መጽሐፍ ነው፤ ሦስት ሺህ ቅጂ፣ ቀኑ የተቆረጠ። ባለካርቶኑ ገጾቹን አትመው፣ ዘቅዝቀው አይተው፣ ቀና አድርገው አንብበው፣ ስምንት ገጽ ላይ እርማት አውጥተው ነበር። እርማቱን ሲያስገቡ ከዋሉ በኋላ ሊያስቀምጡት ሲሉ አስወጣቸው። እሷ መጥታ አስገባቻቸው። ፋይሉ ተከፈተ። ከታች ሥራ አስኪያጁ «የማተሚያ ፕሌቱ ይጠብቃል!» እያለ ይጮኻል። እንደተቀመጠ አምነው ላኩት።

አልተቀመጠም ነበር። መጽሐፉ ታትሞ፣ ተጠርዞ፣ ደንበኛው እጅ ሲገባ ስምንቱ ገጽ ከነስሕተቱ ነበር፤ የአንዱ ምዕራፍ ጥያቄዎች ከሌላው መልሶች ጋር ተያይዘው።

ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም የማሽን ክፍል ውስጥ ሰበሰበ። ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱን ይዟል።

«ምን ነክተው ነው?» አላቸው።

«አስወጣኝ። እርማቱን ሳላስቀምጥ አስወጣኝ።»

«ማነው የሚያስወጣዎት?»

«ፕሮግራሙ።»

«እሷንስ ለምን አያስወጣትም? በአንድ ክፍል፣ በአንድ ፈቃድ!» ሰውየው ዝም አሉ። «ንገረኝ እንጂ! ምን ነክተህ ነው?»

ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ሲወርድ ሁሉም ሰማው። የማሽን ሠራተኛው እንኳ ቀልድ አልመጣለትም፤ ጨርቅ አንሥቶ ንጹሑን ሮለር ይወለውል ገባ። ገጽ አዘጋጇ ከወረቀት ቁልሉ ኋላ ቆማ ነበር። «አሁን እናገራለሁ» አለች በልቧ። «ይኼን ዓረፍተ ነገር ይጨርስና እናገራለሁ።» እሱ ያንን ጨርሶ ሌላ ጀመረ፤ እሷም የዚያኛውን መጨረሻ ጠበቀች። እንዲህ ስትጠብቅ ስብሰባው አለቀ።

ባለካርቶኑ ወደ ጥራዝ ክፍል ተዛወሩ። እርሳሳቸውን፣ ማስመሪያቸውንና ካርቶናቸውን ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ «ደህና ሁኚ፣ እህትዓለም» አሏት፤ ወደ ሌላ አገር የሚሄዱ ይመስል። የሚሄዱት ሃያ ሁለት ደረጃ ወደ ታች ነው።

ከዚያ ቀን በኋላ ፕሮግራሙ ማንንም አላስወጣም።

«አየሽ?» አላት ሥራ አስኪያጁ በሳምንቱ። «ሰውየው ሲነሡ ችግሩም አብሮ ተነሣ። አንቺ እንኳ ቀድመሽ ነግረሽኝ ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ምድር ግን እንዲህ ላለው ነገር አትከፈትም፤ ሰው እንደቆመ ይቀራል። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ባዶው ወንበር ከጀርባዋ የተቀመጠ ሰው ያህል ይከብዳት ጀመር። የማሽን ሠራተኛውን፣ እንደ ድንገት አስመስላ፣ ስለ እሳቸው ጠየቀችው።

«አታውቂም እንዴ? ዘጠኝ ዓመት አብረሽ ውለሽ?» አላት፤ የፈራችው ጥያቄ ይኸውና መጣ። «በአሥራ ሰባት ዓመታቸው በድሮው ማተሚያ ከእርሳስ ብረት የተሠራ ፊደል አንድ በአንድ እየለቀሙ ይደረድሩ ነበር። ፊደሉን በግልባጩ ነው የሚያነቡት፤ እንደ መስተዋት። ካርቶናቸውንስ በምን ገዙት? ሞተር ብስክሌታቸውን ሸጠው! ከዚያ ሁለት ዓመት በእግራቸው። ‹ፕሮግራሙ ላይ ተቀምጠው ይምጡ እንጂ› ብያቸዋለሁ።»

«ሚስት አላቸው?»

«አላቸው። የሚስታቸው ዓይን ደክሟል። ሹራቡን አላየሽም? ግራጫ መስሏቸው በአረንጓዴ ክር ሰፍተውላቸው፣ ባለካርቶኑ ደግሞ ሚስታቸው እንዳያፍሩ አንድም ቀን አልነገሯቸውም።»

ይኼን ሰምታ ወደ ክፍሏ ወጣችና ብዙ ሰዓት አልሠራችም።

ሥራው ግን አልጠበቃትም፤ የሁለት ሰው ሆኖ በእሷ ላይ ወደቀ። አንድ ቀን በሁለቱም ኮምፒውተር ገብታ፣ በእሷው ላይ አንዱ ፋይል እስኪከፈት በባለካርቶኑ ወንበር ተቀምጣ ሌላውን ትሠራ ጀመር። የእህቷን ነገር ጨርሳ ዘንግታው ነበር። ግማሽ ገጽ እንደሄደች ስክሪኑ ደበዘዘና መሐሉ ላይ ነጭ ሣጥን ወጣ። እንዲህ ይላል፦

«መለያዎ ‹ድንቡሼ› በተባለ ኮምፒውተር ላይ ስለተከፈተ እዚህ ተዘግቷል።»

ከሥሩ «እሺ» የሚል ቁልፍ አለ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ድንቡሼ ላፕቶፑን ስትገዛ ስም ስጪው ሲላት እየሳቀች የራሷን ስም የሰጠችው ትዝ አላት። ይኼን ሣጥን አይታው አታውቅም። በዚያ ሁሉ ቀን፣ በዚያ ሁሉ መውጣትና መግባት አንድም ጊዜ አላየችም። ስትዞር የምታገኘው ሁልጊዜ ባዶውን የመግቢያ ገጽ ነበር። «እሺ»ን አስቀድሞ የሚጫን ሰው ነበራ።

ዘጠኝ ዓመት በስልክ «ድንቡሼ፣ ምሳ በልተሻል?»፣ «ድንቡሼ፣ ሥራ ተገኘ?» ስትል የሰማ ሰው። በግልባጩ እንኳ የሚያነብ ሰው።

«እሺ»ን መጫን አልቻለችም።

እቤት ስትገባ ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት። ድንቡሼ መጀመሪያ ተቆጣች።

«የኔ ጥፋት ነው? የኪራዩ ጥፋት ነው! የተገዛ ቢሆን ማን ማንን ያስወጣ ነበር? ሰውየው ልክ ናቸው!»

«እሳቸው ልክ ናቸው። ያጠፋሁት ግን እኔ ነኝ።»

ድንቡሼ ወረቀቷ ላይ የምትሥለውን ነገር ተወት አደረገች። ቆይታ «ሽማግሌ ናቸው?» አለች።

«ናቸው።»

«ወይኔ እትዬ» አለችና ላፕቶፑን ዘጋች። የይለፍ ቃሉ የተጻፈበትን ቁራጭ ወረቀት አምጥታ ፊቷ ቀደደችው። ያ ምንም እንደማይጠቅም ሁለቱም ያውቁታል፤ ቃሉን ሁለቱም በቃላቸው ይዘውታል። ታላቅዬዋ የይለፍ ቃሉን በዚያው ቀየረችው። ሁለት ደቂቃም አልፈጀ።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። አስቀድማ የተዘጋጀችበት ንግግር ሁሉ ጠፍቶባት ከመጨረሻው ጀመረች፤ ከእህቷ። እሱም ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ ተነሥቶ በሩ መዘጋቱን አየ።

«ለማን ነገርሽ?»

«ከእህቴ በቀር ለማንም።»

«እንዳትነግሪ። ደንበኛውን ‹ያጠፋውን ሰው አንሥቻለሁ› ብዬ ነው ያረጋጋሁት። አሁን ደግሞ ሄጄ ‹ያጠፋችው ሌላ ናት› ልበለው? ሁለቴ ልዋረድ?»

«እሳቸውስ?»

ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። ክፉ ሰው አይደለም። «ልመለስ ካሉ ሌላ ፈቃድ እከራያለሁ። ከራሳቸው ይምጣ ግን። ሄደሽ ጠይቂያቸው። አንቺም ሥራሽን ሥሪ።»

ስትወጣ ሰውነቷ ሲቀልላት ተሰማት። እንጀራዬ አልተነካም ማለት ነው። ያቀለላት ያ መሆኑን ስታውቅ ኮሪደሩ መሐል ላይ ቆመች፤ እንዲህ ያለ ቅለት የሚሰማው ሰው ፊቱን ለማን ያሳያል?

ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወረደች። ጥራዝ ክፍሉ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ሁለት ሴቶች ከበሩ አጠገብ እያወሩ ወረቀት ያጥፋሉ። ባለካርቶኑ ከወዲያኛው ጫፍ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የታጠፉትን ክፍሎች በመርፌ ይሰፋሉ። ፊታቸው ወደ በሩ ነው። መነጽራቸው ከአፍንጫቸው ዝቅ ብሏል፤ ከቅንድባቸው አንዱ ከሌላው ይነጣል። ይኼን አይታው አታውቅም ነበር።

«እንኳን ደህና መጣሽ። ወንበር የለም፣ ቁልሉ ላይ ተቀመጪ። የታተመ አይደለም፣ አይከፋውም።»

አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ወደ ላይ ይመለሱ። ሥራ አስኪያጁ ተስማምቷል፤ ለእርስዎ ብቻ ሌላ ፈቃድ ይከራያል።»

«ለእኔ አትከራዩ» አሉ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ። «እዚህ መርፌ አለች። ስሜን አትጠይቀኝም፣ ስምሽን አትጠይቀኝም። አልመለስም።»

«በእኔ ምክንያት ከሆነ…»

«በእኔ ምክንያት ነው። ደከመኝ፣ እህትዓለም። እንደገና ልሳል ብል ቢላው ያልቃል።»

ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመዋል። ገጽ አዘጋጇ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። ስለ ይለፍ ቃሉ ነገረቻቸው። ስለ ስልኩ፣ እውነቱን ሳትናገር ስላሳለፈችው አሥራ አንድ ቀን፣ ከወረቀቱ ቁልል ኋላ ስለቆመችበት ነገረቻቸው። ቀና ብላ ልታያቸው ስላልቻለች የምትናገረው ለእጃቸው ነበር። እጃቸው አላቆመም፤ ገባ፣ ወጣ፣ ጎተተ።

ስትጨርስ አዲስ ክር አነሡ።

«ድንቡሼ ደህና ናት?» አሉ። «ሥራው እንዴት ሆነላት?»

ስትናገር የገዛ ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ደህና ናት» አለች። ከዚያ፦ «ጋሼ፣ ‹የማይነካውን ይነካሉ› ስል እዚያው ነበሩ። ሰምተውኛል። በስብሰባው ላይ አንድ ቃል ቢናገሩ ይበቃ ነበር። ለምን ዝም አሉ?»

ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳለፉት፤ በአንድ ሙከራ። ጫፉን ቋጠሩ።

«እሱን አልመልስልሽም» አሉ።